አንድ ክሊኒክ፣ ሁለት ጄኔራሎች፦ በደሎ መና በር ላይ የማን ስም ይጻፍ?

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል። ስም የሚውልበት ቦታ ግን ይለያያል። በመንገድ ላይ የተሰቀለን ስም መኪና ያልፈዋል። አደባባይ ላይ ከቆመ ሐውልት ሥር ሰው ፎቶ ይነሳል። የሕክምና ቤት በር ላይ የተጻፈ ስም ግን ሌላ ነገር ነው። ሰው ታሞ ወይም ቆስሎ፣ ሌላ ሰው ደግፎት የሚገባበት በር ነው። በዚያ በር ላይ ያነበበው ስም «ግባ፣ ቤትህ ነው» ሊለው ይችላል። «አንተ ማን ነህ?» ሊለውም ይችላል።

ዛሬ ላነሳው የፈለግኩት ጉዳይ ይህ ነው። አገራችን በየዘመኑ የተዋጉ፣ በየዘመኑ የቆሰሉ ሰዎች አሏት። ለእነዚህ ሰዎች የሚሆን ክሊኒክ፣ ያውም ከማዕከል በራቀ እንደ ደሎ መና ባለ ከተማ፣ ቢከፈት በማን ስም ይጠራ? ልብ በሉ፣ ተወስኗል ወይም መሠረት ድንጋይ ተቀምጧል እያልኩ አይደለም። ሐሳብ ነው የማቀርበው። ደሎ መናን የመረጥኩት ግን በዘፈቀደ አይደለም። በዚህች ከሐረና ደን ግርጌ ባለች ከተማ ዙሪያ የኢትዮጵያ ወታደር ታሪክ በሙሉ አልፏል ማለት ይቻላል። ከወራሪ ጋር የተዋጋው፣ በመንግሥቱ ላይ ያመፀው፣ አመፁን ሊያበርድ የተላከው፣ ሁሉም የባሌን ቆላ ያውቀዋል።

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ።

*ሆስፒታሎቻችን ስማቸውን ከየት አገኙ?*

ዘመናዊ ሕክምና እና ጦርነት በኢትዮጵያ አብረው ያደጉ ነገሮች ናቸው። የካቲት 23፣ 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ድል ከተገኘ በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ቁስለኞችን ሊያክም ወደ አገራችን መጣ። አዲስ አበባም የመጀመሪያ ሆስፒታሏን ያገኘችው በዚያው ቡድን አማካይነት ነው። ከነጻነት በኋላ ሶቪየቶች የዚያን ታሪክ ቅጥያ የሚመስል ሆስፒታል በአዲስ አበባ ከፈቱ። ዛሬ ያ ሆስፒታል በደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ስም ይጠራል። ባልቻ የዓድዋ መድፈኛ ናቸው። በኋላም ሲዳሞን ገዝተዋል፤ በ1929 ዓ.ም. በስተርጅና ዕድሜያቸው ከፋሺስት ጋር ተታኩሰው ሞተዋል። ስሙ ለቦታው ልክ ነው። የቆሰለ ሰው ሊያክም በመጣ ቡድን የተጀመረ ታሪክ፣ እዚያው ዘመቻ ላይ በተዋጋ ሰው ስም ተዘጋ።

ራስ ደስታ ዳምጠው ሆስፒታልም እንዲሁ ነው። ስለ እሳቸው ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ፤ ከባሌ ጋር በቀጥታ የሚገናኙት እሳቸው ናቸውና።

የስም ታሪካችን ግን ሁሉም እንዲህ የተሳካ አይደለም። ልዕልት ፀሐይ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ነበረች፤ በስደት ዘመን እንግሊዝ አገር ነርስነት ተማረች። ነሐሴ 11፣ 1934 ዓ.ም. ገና በወጣትነቷ አረፈች። ለመታሰቢያዋ ሆስፒታል ተሠራ፤ ነርሶች ይሠለጥኑበት ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ስሟ ከበሩ ላይ ተነሳ፤ ሆስፒታሉም የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ። በሙያዋ የቆሰለ ታስታምም የነበረች ሴት ስም ተፍቆ በምትኩ የገባው የአንድ ወታደር ስም እንኳ አይደለም። የመሥሪያ ቤት ስም ነው።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ይጠራ የነበረው ሆስፒታል የካቲት 12 ተባለ። በልዑል መኮንን መስፍነ ሐረር መታሰቢያነት የተሠራው ትልቁ ሆስፒታል ደግሞ ጥቁር አንበሳ ሆነ። ጥቁር አንበሳ በ1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ጦሩ ከተፈታ በኋላ፣ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖችና የተማሩ ወጣቶች በወለጋ ያቋቋሙት የአርበኞች ድርጅት ስም ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ልንገራችሁ። የዚያ የወታደሮች ድርጅት ሊቀ መንበር ሐኪም ነበሩ፤ በእንስሳት ሕክምና የሠለጠኑት ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ። ስለዚህ ዛሬ ጥቁር አንበሳ ተኝተን ስንታከም ሳናውቀው በአንድ ሐኪም ይመራ በነበረ የጦር ድርጅት ስም ሥር ነው የምንተኛው።

ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ የሰጠው ስም ሥልጣኑ ሲወድቅ አብሮ የመውደቅ ዕድሉ ሰፊ ነው። አንድ ሙሉ አገር «የእኔ ነው» ያለው ስም ግን መንግሥት ሲቀያየርም ይቆያል። ራስ ደስታ የንጉሠ ነገሥቱ አማች ነበሩ። እንደ ሌሎቹ መፋቅ ይችል ነበር። ስማቸው ግን ዛሬም በሩ ላይ አለ። ለምን? መልሱ ያለው ገናሌ ወንዝ ዳር ነው።

*ገናሌ እና መልካ ዲዳ*

የደሎ ሰው ገናሌን አሳምሮ ያውቀዋል። ከደጋው ተነስቶ፣ ቆላውን አቋርጦ፣ ወደ ዶሎ አድርጎ ወደ ሶማሊያ የሚወርድ ትልቅ ወንዝ ነው። በ1928 ዓ.ም. የደቡብ ግንባር የሚባለው ጦርነት የተካሄደው በዚህ ወንዝ ተፋሰስ ነው። በአንድ በኩል ራስ ደስታ ዳምጠው ከሲዳሞ ጦር ጋር። ባሌን ያስተዳድሩ የነበሩት ደጃዝማች በየነ መርድም የባሌን ጦር ይዘው በዚያው በደቡብ ግንባር ዘምተዋል። በሌላ በኩል ግራዚያኒ፣ በአውሮፕላን፣ በታንክና በመርዝ ጋዝ።

የራስ ደስታን ጦር ተከትሎ አንድ የሕክምና ቡድን ነበር። የስዊድን ቀይ መስቀል የመስክ ሆስፒታል ነው፤ መሪው ዶክተር ፍሪዴ ሂላንደር ይባላሉ። ድንኳኖቹ በገናሌ አካባቢ መልካ ዲዳ በተባለ ቦታ ተተከሉ፤ የቀይ መስቀል ምልክት በግልጽ ይታይባቸው ነበር። ታኅሣሥ 20፣ 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች መጥተው ሆስፒታሉን ደበደቡት። እዚያ የተኙት ቁስለኞች በብዛት አለቁ። ጉናር ሉንድስትሮም የተባለው ስዊድናዊ የቡድኑ አባልም ሕይወቱ አለፈ። ዶክተሩ ራሳቸው ቆሰሉ። የግራዚያኒ ወገን የሰጠው ምክንያት ተይዞ የተገደለ የአንድ አብራሪያቸው በቀል ነው የሚል ነበር። ዓለም ሰማ፤ ጋዜጦች ጻፉ፤ ከዚያ ዝም ተባለ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በጥር ወር፣ የራስ ደስታ ጦር ገናሌ ዶሪያ ላይ ተሸነፈ። ራስ ደስታ ግን እጅ አልሰጡም። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላም በሲዳሞ ተራሮች መዋጋታቸውን ቀጠሉ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. ጎጌቲ ላይ በተደረገው ውጊያ ደጃዝማች ገብረ ማርያም ጋሪ ወደቁ። ደጃዝማች በየነ መርድ ተይዘው ተረሸኑ። ራስ ደስታም የካቲት 17፣ 1929 ዓ.ም. በቡታጅራ አካባቢ ተረሸኑ።

እንግዲህ አስቡት። አዲስ አበባ ውስጥ ራስ ደስታ ሆስፒታል የሚገባ በሽተኛ፣ በሩ ላይ የሚያነበው የመስክ ሆስፒታላቸው ከአየር የተደበደበባቸውን አዛዥ ስም ነው። ከዚህ የበለጠ ለሆስፒታል የሚገባ ስም ከየት ይመጣል? ይህ ስም ጸንቶ የቆየው ጠላቱ ከውጭ ስለ ነበር ነው። በዚያ ስም የሚከፋ ኢትዮጵያዊ የለም።

የባሌ ችግር የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

*ጠላቱ ከውስጥ ሲሆን*

ከነጻነት በኋላ ባሌ ሌላ ጦርነት አየች። ከ1943 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ መሬት መለካት ተጀመረ። ግብሩ በዛ። ግብር ያልከፈለ መሬቱ የመንግሥት ነው ተብሎ ለሌላ ተሰጠ። አርብቶ አደሩና ገበሬው በአባቱ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነ። ሹሞቹ ከላይ እስከ ታች ይጫኑታል፤ አቤት የሚልበት ቦታ አልነበረውም። አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ሆኖ ሳለ በአገሩ ሁለተኛ ዜጋ የሆነ መሰለው። በ1955 ዓ.ም. ነገሩ ፈነዳ። በኤል ከሬ ካሂን አብዲ፣ በደሎ ዋቆ ጉቱ፣ በዋቤ ኮሎኔል አሊዬ ጪሪ ጠመንጃ አነሱ። የሶማሊያ መንግሥት መሣሪያ ሰጠ። ዋቆ በተዋጊዎቻቸው ዘንድ ጄኔራል ተባሉ። ይኸው ዛሬም ድረስ ሕዝቡ የሚጠራቸው በዚሁ ማዕረግ ነው።

ሰባት ዓመት የፈጀ ጦርነት ነው። የመንግሥት አውሮፕላኖች መንደርና የከብት መንጋ ደበደቡ። አማፂዎቹም ፖሊስ ጣቢያ አጠቁ፤ ሰፋሪዎችን ገደሉ። ከ1959 ዓ.ም. ወዲህ ባሌ በወታደራዊ ሕግ ሥር ወደቀች። ሁለቱም ወገን ቁስለኛ ነበረው። የመንግሥቱ ቁስለኛ ወደ ጎባ፣ ወደ አዲስ አበባ ተወስዶ ሊታከም ይችል ነበር። የአማፂው ቁስለኛ ግን በሐረና ደን ውስጥ፣ በቅጠልና በማር ነው ቁስሉን የሚያስረው።

በአመፁ መጨረሻ ዓመታት ባሌ ላይ የተሾሙት ሌተናል ጄኔራል ጃጋማ ኬሎ ናቸው። ጃጋማን የማያውቅ ካለ በአጭሩ ልንገረው። ጥር 20፣ 1913 ዓ.ም. በጅባትና ሜጫ፣ ደንዲ ተወለዱ። ጣልያን ሲገባ የ15 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ጫካ ገቡ፤ አምስቱን ዓመት ተዋጉ። «የበጋው መብረቅ» የተባሉት በዚያ ዘመን ነው። ከነጻነት በኋላ መደበኛ ወታደር ሆነው እስከ ሌተናል ጄኔራልነት ደረሱ። የሚያከብሯቸው ሰዎች አብዛኞቹ የሚያስታውሷቸው በአርበኝነታቸው ነው። እኔ ግን ባሌ ላይ የሠሩት ሥራ የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም ባይ ነኝ።

በመጋቢት 1962 ዓ.ም. ዋቆ ጉቱ እጅ ሰጡ። በአንድ በኩል ተከበው ነበር፤ የሶማሊያ መንግሥትም ከኢትዮጵያ ጋር መታረቅ ሲጀምር እርዳታው ቀንሶባቸዋል። በሌላ በኩል ግን የሚያናግራቸው ሰው አገኙ። ጃጋማ ኬሎ እና ዋቆ ጉቱ ሁለቱም በኦሮምኛ አፋቸውን የፈቱ ናቸው፤ አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም። ሁለቱም የጫካን ኑሮ ያውቁታል፤ አንዱ በ15 ዓመቱ፣ አንዱ በጎልማሳነቱ። ዋቆ ምሕረት አገኙ። እጁን የሰጠ አማፂ በሚሰቀልበት ዘመን፣ ባሌ ላይ ጦርነቱ ያለ ስቅላት ቆመ።

ታሪኩ በዚያ አላበቃም። ከአብዮቱ በኋላ ዋቆ እንደገና ጠመንጃ አነሱ። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሲገባ የባሌ ቆላ እንደገና የጦር ሜዳ ሆነ። በአንድ ቀበሌ ውስጥ አንዱ ሚሊሻ ሆኖ ለኢትዮጵያ ጦር ሲዘምት፣ ጎረቤቱ ከሌላው ወገን ነበር። ዋቆ በ1983 ዓ.ም. ተመልሰው የሽግግሩ ሂደት ውስጥ ገቡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ወጡ። ጥር 26፣ 1998 ዓ.ም. ናይሮቢ ውስጥ፣ በሰው አገር ሆስፒታል አረፉ። ጄኔራል ጃጋማ ደግሞ መጋቢት 29፣ 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በ96 ዓመታቸው አረፉ።

*እንግዲህ ክሊኒኩ በማን ስም ይጠራ?*

ደሎ መና ላይ ለቀድሞ ተዋጊዎች ክሊኒክ ቢከፈት፣ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳቸው ስሞች እነዚህ ሁለቱ እንደሚሆኑ እገምታለሁ። አንድ በአንድ እንያቸው።

1ኛ) በጃጋማ ብቻ ቢሰየም። ለአገራቸው የሠሩት ብዙ ነው፤ ማንም አይክድም። ነገር ግን አባቱ በዋቆ ወገን የሞተበት፣ ከብቱ በአውሮፕላን ያለቀበት የደሎ ሽማግሌ ይህን ስም ሲያነብ የሚታወሰው የሚሊተሪ አስተዳደሩ ነው። ጄኔራሉ ለሰላም የሠሩትን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው ሰው በሩ ላይ አይጠብቀውም። ዞሮ ሊመለስ ይችላል።

2ኛ) በዋቆ ብቻ ቢሰየም። የአገሩ ልጅ ናቸው፤ ሕዝቡ ይወዳቸዋል። ግን በዚያው ወረዳ ውስጥ በ1970 ለኢትዮጵያ ዘምቶ እግሩን ያጣ ሚሊሻም አለ። የባሌ ወታደር ካራማራ ድረስ ተዋግቷል። እሱስ በዚህ በር ሲገባ ምን ይሰማዋል? የእሱም ቁስል ቁስል ነው።

3ኛ) በማንም አይሰየም፣ «የደሎ መና የቀድሞ ተዋጊዎች ክሊኒክ» ተብሎ ይቅር። ይህ ቀላሉ መንገድ ነው። ጭቅጭቅ የለበትም። ነገር ግን የልዕልት ፀሐይን ስም አንስተን የመሥሪያ ቤት ስም የተካንበትን ታሪክ እናስታውስ። ስም የሌለው ቤት ታሪኩንም ለማንም አይነግርም። ልጆች «ይህ ሰው ማን ነው?» ብለው የሚጠይቁበት ዕድል ይጠፋል።

4ኛ) በሁለቱም ስም። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። «የጄኔራል ዋቆ ጉቱ እና የሌተናል ጄኔራል ጃጋማ ኬሎ መታሰቢያ ክሊኒክ»።

አንዳንዶቻችሁ «ይህ ሰው ቀልዱን ነው እንዴ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ተኳሹንና የተተኮሰበትን አንድ ሰሌዳ ላይ? አዎ። ምክንያቴን ልናገር።

ይህ ስያሜ የሁለቱ ዓላማ አንድ ነበር አይልም። አንድ አልነበረም። ዋቆ ያመፁበት በደል እውነተኛ በደል ነበር፤ መሬት ተነጥቋል፣ ሰው ተዋርዷል። ጃጋማ ያገለገሉትም መንግሥት ያን በደል የፈጸሙ ሹሞች የነበሩበት መንግሥት ነው። በሌላ በኩል ዋቆ መሣሪያ የተቀበሉት ከኢትዮጵያ መሬት ይገባኛል ከሚል መንግሥት ነው። እነዚህ ጥያቄዎች ለታሪክ ጸሐፊዎችና ለእናንተ ለአንባቢዎች ክርክር ይቀራሉ። ክሊኒኩ ግን የሚያስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የ1962ቱን መጋቢት። ሁለት ተዋጊዎች ተነጋግረው፣ ቀጥሎ ሊሞት የነበረው ሰው ሳይሞት የቀረበትን ወር።

የባሌ ሰው ይህ ነገር ባዕድ አይሆንበትም። በኦሮሞ ባህል ደም የፈሰሰ እንደሆነ ሽማግሌ ተቀምጦ ጉማ ይቆጠራል፤ የገዳይና የሟች ቤተሰብ ይታረቃል። እርቅ ሲወርድ ገዳይ ንጹሕ ነው አይባልም። ደሙ ይቁም ነው የሚባለው።

*ቀድሞ ይጠየቁ የሚገባቸው ሰዎች*

የእኔ ሐሳብ ግን የእኔ ብቻ ነው። ስም መስጠት በአንድ ቢሮ ደብዳቤ የሚያልቅ ነገር መሆን የለበትም።

አሜሪካኖች በዚህ ጉዳይ ጥሩ ልምድ አላቸው። የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎቻቸውና ክሊኒኮቻቸው በሰው ስም የሚሰየሙት በሕግ ነው። በተወካዮች ምክር ቤታቸው ጉዳዩን የሚመለከተው ኮሚቴ የሚጠይቀው ቅድመ ሁኔታ አለ። የሚሰየምለት ሰው በሕይወት ያለ መሆን የለበትም። የዚያ ግዛት ተወካዮች ሁሉም፣ ከየትኛውም ፓርቲ ይሁኑ፣ በጽሑፍ መስማማት አለባቸው። ትልልቆቹ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት በዚያ ግዛት ያሉ ቅርንጫፎቻቸውም ድጋፋቸውን በጽሑፍ መስጠት አለባቸው። አንዱ ወገን ብቻውን ተሯሩጦ ስም አይለጥፍም ማለት ነው።

እኛም ለደሎ መና እንዲህ ማድረግ እንችላለን። ከሁለቱም ቤተሰብ ፈቃድ ይጠየቅ። የአርበኞች ልጆች፣ የቀድሞው ሠራዊት አባላት፣ በዋቆ ወገን የነበሩ አዛውንቶች፣ በ1970 የዘመቱ ሚሊሻዎች፣ የአገር ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች ተቀምጠው ይነጋገሩ። እነሱ «የለም፣ መልካ ዲዳ ይባል» ቢሉ እኔ በደስታ እቀበላለሁ፤ ለሕክምና ቤት ከዚያ የተሻለ ስም በዚያ አካባቢ ያለ አይመስለኝም። ውሳኔው የታካሚዎቹ ይሁን።

*ስሙ ከተሰቀለ በኋላስ?*

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ስም ያለ መድኃኒት ሰሌዳ ብቻ ነው።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ የቀድሞው ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። ከ450,000 በላይ ወታደር ነው ወደ ቤቱ የተሸኘው። ሸኚው መንግሥት ለተሸናፊው ሠራዊት የነበረውን ስሜት ሁላችንም እናውቃለን። አንድ እግሩን ለአገሩ የሰጠ ሰው በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ደጃፍ ሲለምን ያላየ ያለ አይመስለኝም። ዛሬ ደግሞ ከሰሜኑ ጦርነት በኋላ በኅዳር 2015 ዓ.ም. የብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ተቋቁሟል፤ ከ371,000 በላይ የቀድሞ ታጣቂዎችን ወደ ሰላማዊ ሕይወት ለመመለስ ዕቅድ ተይዟል። ሰው ጠመንጃውን ያስረክባል፤ በሰውነቱ ውስጥ የቀረውን የፈንጂ ስብርባሪ ግን ለማን ያስረክባል?

የደሎ መና ሰው ከባድ ሕክምና ሲያስፈልገው ወደ ጎባ ነው የሚወጣው። መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል። ከቆላው ተነስቶ፣ የሐረናን ደን አቋርጦ፣ በሪራ አድርጎ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሰነቴን አምባ ተሻግሮ ነው። ለጎብኚ ይህ መንገድ ገነት ነው። ሰው ሠራሽ እግሩ ለላላበት የ70 ዓመት ሽማግሌ ግን ቅጣት ነው።

ስለዚህ የሚከፈተው ክሊኒክ አዲስ ሕንፃ ላይሆን ይችላል። በከተማዋ ባለው ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ጥቂት ክፍሎች ይበቃሉ። የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ነገር ነው፦

— ሰው ሠራሽ እግርና እጅ የሚለካበትና የሚጠገንበት ቀን፣ ባለሙያ በየጊዜው ወደዚያ ወርዶ የሚሠራበት፤
— ለቆየ ቁስል፣ ለአጥንት ሕመም፣ በመድፍ ድምፅ ለደነቆረ ጆሮ ክትትል፤
— ሌሊት እየባነነ ለሚያድር ሰው የሚያዳምጥ ባለሙያ፤ ይህ በእኛ አገር የሚታፈርበት፣ ግን ብዙ ቤት ያፈረሰ ቁስል ነው፤
— ለስኳርና ለደም ግፊት የማይቋረጥ መድኃኒት፤ አርጅቶ የቀረውን ተዋጊ ዛሬ የሚገድለው ጥይት አይደለምና፤
— ባሏ በጦርነት ሞቶባት ልጅ ያሳደገች ሴትም የምትታከምበት ካርድ፤
— በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በሶማሊኛ የሚያስተናግድ ሠራተኛ።

ከሁሉ በላይ አንድ ደንብ ይኑር። የምዝገባ ክፍሉ «የት ቆሰልክ?» ይበል፤ «ለማን ስትዋጋ?» ግን አይበል። መልካ ዲዳ ላይ የነበሩት ስዊድናውያን ሐኪሞች ለመጣላቸው ቁስለኛ ወገኑን አልጠየቁም። የቀይ መስቀል ሥራ መጀመሪያውም መጨረሻውም ይኸው ነው።

*ለሚቃወሙኝ*

«የአማፂ ስም በመንግሥት ተቋም ላይ ከተጻፈ ነገ ሁሉም አማፂ ስም ይጠይቃል» የሚሉኝ አይጠፉም። ስጋቱ ይገባኛል። ለዚህ ነው ብቻውን አይጻፍ የምለው፤ ለዚህ ነው በእሱ ላይ የዘመቱትም ይስማሙ የምለው። ያን ስምምነት ያላገኘ ስም አይሰቀል።

«ጃጋማ የንጉሡ ጄኔራል ናቸው፣ በእኛ ላይ ዘምተዋል» የሚሉም ይኖራሉ። እነሱም ቂማቸው ከመሬት አልተነሳም። ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቃቸው። በመጋቢት 1962 በጃጋማ ቦታ ሌላ ሰው፣ ቋንቋውን የማያውቅ፣ መደምሰስ እንጂ መነጋገር የማያስብ ሰው ተሹሞ ቢሆን ኖሮ፣ ዋቆ ከዚያ በኋላ 36 ዓመት ይኖሩ ነበር?

«ምግብ በጠፋበት አገር ስለ ስም ታወራለህ» ለሚሉኝ ደግሞ፣ እውነት ነው፣ መድኃኒቱ ይቅደም። ስሙ ቢዘገይ ማንም አይሞትም። ይሁንና ክሊኒክ ሲከፈት ስም መውጣቱ አይቀርም። አስቀድመን ካልተነጋገርንበት፣ ምረቃው ሳምንት ሲቀረው አንድ ሰው ብቻውን ይወስነዋል፤ ቀጣዩ መንግሥት መጥቶ ይፍቀዋል። ይህን ፊልም ደጋግመን አይተነዋል።

ባሌ፣ አርሲ፣ ቦረና፣ ጉጂ ያላችሁ የቻናላችን ቤተሰቦች፣ በተለይ አባቶቻችሁ በየትኛውም ወገን የተዋጉ፣ እናንተ ምን ትላላችሁ? አባታችሁ በዚህ ስም ሥር ለመታከም እሺ ይል ነበር? ጠይቁትና መልሱን አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልን። በሕይወት ካለ ዛሬውኑ ጠይቁት፤ እነዚህ ሰዎች በየዓመቱ እያለቁብን ነው።